የእናትነሽ ጉቶ

ኡበይድ ደክሞታል። የዛሬ ወይም የትናንት ድካም አይደለም፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ እንጨት ሲያሳድድ የተጠራቀመ ድካም ነው። በወጣትነቱ አምባሰል ገደል ሥር ግንድ ይፈልጥ ነበር። ጎልማሳ ሲሆን ባሕር ዛፍ ተቆርጦ የቀረውን ጉቶ እየነቀለ ለማገዶ መሸጥ ያዘ። ኋላ ሐይቅ ዳር የመዝናኛ ግቢዎች ሲበራከቱ፣ ሰው ለምድጃ የሚለውን ጉቶ እሱ ሆዱን ቦርቡሮ የአበባ መትከያ፣ ጀርባውን ጠርቦ መቀመጫ ያደርገው ጀመር። ከተማው በሙሉ "እንጨት አስዋቢው" አለው። ስሙ አማረ እንጂ ወገቡ አላማረለትም።

ጎረቤቱ እናትነሽ፣ የአሻግሬ ሚስት፣ አምስት ዓመት ለመነችው። "አያ ኡበይድ፣ አንዲት ጉቶ ለደጄ! ጽጌረዳ እተክልባታለሁ" ትለዋለች። "ኢንሻአላህ፣ ነገ" ይላታል። ነገው አላልቅ አለ። አንድ ሌሊት አድረው ለሚሄዱ እንግዶች ደጅ ሲያሳምር ይውልና፣ ማታ ሲመለስ መሮውን የሚያነሳበት አቅም አይተርፈውም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ፤ የኡበይድ ጎረቤት ግን ገሉም አልደረሳት።

ባለፈው ጥቅምት እናትነሽ ታመመች። ሊጠይቃት ገባ። ከስታ፣ ግድግዳ ተደግፋ አገኛት፤ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፣ ስለ ወገቡ ጠየቀችው፣ ስለ ጉቶው ግን አላነሳችም። በማግስቱ የሰው ሥራ ጥሎ፣ ሐይቁ ዳር ከሚሠራበት ግቢ ያስቀመጣትን የዋንዛ ጉቶ አወጣ፤ ኮቱን ከነስልኩ አጥር ላይ ሰቅሎ የሞተር መጋዙን አስነሳ። ከመጋዙ ወደ መሮ፣ ከመሮው ወደ ብርጭቆ ወረቀት እያለ ምሳ ሳይቀምስ ዋለ። ምስጥ እንዳይበላት የተቃጠለ ዘይት ቀባት፤ ውሃ እንዳታቁር ሥሯን በሳት። ከሠራቸው ሁሉ እንደሷ ያማረች አልነበረችም።

እናትነሽ ግን ያን ዕለት ጠዋት ሞታ ነበር።

በዚያ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም ቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ፣ አንድ ነው። ለፋፊው ሲጮህ በሬ ይፈታል፣ ሱቅ ይዘጋል፤ ከቀብር የሚቀር የታመመ ወይም አገር የለቀቀ ብቻ ነው። ለፋፊው በአስፋልቱ ሲያልፍ የኡበይድ መጋዝ እየጮኸ ነበር። ሚስቱ ፈዲላ ደጋግማ ደወለች። ሲመሽ ጉቶዋን በጋሪ እየገፋ ሲደርስ፣ ደጅ ቆማ ጠበቀችው።

"የት ነበርክ?"

"ለእናትነሽ ይችን ስሠራ…"

"ቀበርናት" አለችው።

ሰፈሩ ያወቀው ከቀብር ቀርቶ የመዝናኛ ግቢ ሲያስጌጥ መዋሉን ብቻ ነው። ፈዲላ "ኧረ በአላህ እውነቱን ንገራቸው!" አለች። እሱ አሻፈረኝ አለ። "አምስት ዓመት የት ነበርክ ቢሉኝ ምን ልመልስ?" የቅሬው መቀጫ አላሳሰበውም። የጨነቀው አሻግሬ ነው። አርባ ዓመት አንድ አጥር ተጋርተው የኖሩ ሰዎች፣ አሁን ሰላም ሲለው አሻግሬ መሬት መሬቱን እያየ ያልፋል። ያ ፊት ካልተመለሰለት ኡበይድ እንቅልፍ የለውም። አፈረ፤ ከማፈርም አልፎ መኖሩ ሰለቸው።

በአሥረኛው ቀን፣ እሑድ፣ ቅሬው ተሰበሰበ። እንደ ወጉ ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፤ ተበዳዩ "አውርድ" እስኪለው አያወርድም። ኡበይድ ድንጋዩን ትቶ ጉቶዋን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ጉርምርምታ ተነሳ። የቅሬው ዳኛ ሀምዳን ተቆጣ፦

"ምነው አንተ! ሐዘን ላይ ትቀልድብናለህ?"

"ወላሂ አልቀለድኩም። ድንጋይማ ይቀለኝ ነበር" አለ ኡበይድ። "ከቀብር ያስቀረችኝ ይችው ናት። የእናትነሽ ናት። አምስት ዓመት ነገ ነገ ስላት ኖሬ፣ በሞተችበት ቀን ሠራኋት። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።"

ሁሉም ወደ አሻግሬ ዞረ። አሻግሬ ከዘራውን አገላበጠ፣ ጋቢውን አስተካከለ። የዘገየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እሱም ደክሞታል።

"አውርድ" አለ በመጨረሻ። "እግዜር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ።"

ሀምዳን ዱዓ አደረገ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አሜን አለ። ኡበይድ እንባውን ጠርጎ፣ "እንግዲያው ደጃፍህ ላስቀምጥልህ" አለ።

"ቤቴ አትገባም።"

ኡበይድ ክው አለ። ይቅርታው የአፍ ብቻ ነው ብሎ ጉቶዋን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ወገቡ እምቢ አለው። ያኔ አሻግሬ ከዘራውን ጥሎ በወዲያኛው ጫፍ ያዘ።

"ወዴት ነው?" አለ ኡበይድ።

"አንሳ እንጂ!"

ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፤ ሁለቱን ሽማግሌዎች ግን አራት ጊዜ አሳረፋቸው። የእናትነሽ መቃብር አፈሩ ገና አልረጋም። ጉቶዋን ራስጌው ላይ አቆሙ። ኡበይድ ዛፍ ሥር የተጋደመ አካፋ አይቶ እጁን ሲሰድ፣ አሻግሬ ከለከለው።

"በእጅህ" አለው። "ሰው ሁሉ አፈር አልብሷታል። የቀረኸው አንተ ነህ።"

ኡበይድ ተንበርክኮ በእፍኙ አፈር እየዘገነ ጉቶዋ ውስጥ መጨመር ጀመረ። ጥልቅ አድርጎ ነበር የቦረቦራት፤ ቶሎ አልሞላ አለችው።