የዓርብ ውሃዬ

ወታደሩ በሩን ከፍቶ ሲገፋኝ መጀመሪያ ያየሁት የሰው እግር ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ ሴቱ ብዙ፣ መስኮት የሚባለው ከጣሪያው ሥር ያለች አንዲት ቀዳዳ ነበረች። ወደ ሱዳን ስንወጣ ከእናቴ ኋላ ቀርቼ ነው የተያዝኩት። ጎንደር ውስጥ ከዚያ የከፋ ቦታ መኖሩን እንጃ፤ የእኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ሰው ሳልነካ የት ልቁም?

እኛ ቤተ እስራኤሎች ከሌላ ወገን ሰው ጋር የተነካካ ታጥቦ ነው ደጃፍ የሚያልፈው። ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» ይሉን ነበር፤ ግማሹ ለቀልድ፣ ግማሹ ለስድብ። እናቴ ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። እኔም የእናቴ ልጅ ነኝና ጥግ ይዤ፣ ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። የታሰሩት ሁሉ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ «ኮራች» ብለው አሙኝ።

አንዲት ሴት ብቻ አላማችኝም። ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ቀጭን፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ነጠላዋን ሰብስባ በመካከላችን ክፍተት ተወችልኝ።

«አይዞሽ፣ አልነካሽም» አለችኝ። «እኔም አትንኩ ብዬ ነው የታሰርኩት።»

የምታሾፍብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ኋላ ሲገባኝ እውነቷን ነበር። በአንድ የእርሻ ጥናት ጣቢያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቁርቁራ ታባዛ ነበር። ቁርቁራ ያው እሾኻሙ የቆላ ዛፍ ነው፤ ልጆች ፍሬውን ይለቅሙታል፣ ሴቶች በቅጠሉ ፎረፎር ያስለቅቁበታል። እሷ ግን ፍሬዋ ከሚጣፍጥ ከአንዲት ዛፍ ለጋ ጫፏን እየቆረጠች፣ እንደ አጥሚት በረጋ ምግብ ላይ በጠርሙስ ውስጥ ታሳድገው ነበር። ቅጠሉንም ዘፍዝፋ፣ አጣርታ፣ ቁስል የሚያደርቀው ምኑ እንደሆነ ትመረምራለች። ታዲያ ካድሬዎች ለቁጥጥር ሲመጡ «ጫማችሁን አውልቁ፤ እጃችሁንም እስከ ክርናችሁ ታጠቡ» ብላ በር ላይ አቆመቻቸው። «አብዮቱን ቆሻሻ ብላለች» ተባለች። መደርደሪያው ላይ ያገኙትን የቅጠል ጭማቂም መርዝ ነው አሉት።

«ምን ነበረበት ዝም ብለሽ ብታስገቢያቸው?» አልኳት።

«ሻጋታ ይዘው ይገባሉ እኮ! አንዱ ጠርሙስ ከሻገተ ጎረቤቱን አይምርም። እናትየዋ ዛፍ ደግሞ ተቆርጣለች፤ የቀሩኝ እነዚያ ጠርሙሶች ናቸው።»

«ፍሬዋን ተክሎ ማብቀል አይቻልም?»

«ከፍሬ የበቀለ እናቱን ላይመስል ይችላል። ከጫፏ ያበዛኋት ግን እሷው ራሷ ናት።»

ወደድኳት። እናቴን መሰለችኝ። አንዷ ስለ ሰንበት፣ አንዷ ስለ ሻጋታ፤ ሁለቱም ደጃፍ ላይ ቆመው ሰው ይመልሳሉ።

እህቷ ስንቅ ስታመጣ የደቀቀ የቁርቁራ ቅጠል ትጨምርላት ነበር። ጠባቂዋ ሴት አሽትታ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትል «ለፎረፎር» ትላታለች። ጠባቂዋም ራሷን ያሳክካት ስለነበር እፍኝ ዘግና ታሳልፈዋለች። ወዳጄ ቅጠሉን በመድኃኒት ጠርሙስ ከውሃ ጋር በኃይል ትንጠውና ዓይኗን ተክላ ትጠብቃለች።

«አየሽ፣ አረፋው ቶሎ አልወረደም። እንደ ሳሙና የሚያደርገው ነገር ውስጡ አለ ማለት ነው» ትለኛለች፤ ደስታዋ የልጅ ነው።

ሳሙና አጣንና በመድኃኒት ታጠብን። ችግር በቅቤ ያስበላል።

ውሃ በቀን ለእያንዳንዳችን አንድ ጣሳ ነበር። እኔ ከመጠጤ እየቀነስኩ ለዓርብ አጠራቅማለሁ፤ ሰንበት ሳይገባ የምነጻበት ሌላ ውሃ የለኝም። አንድ ዓርብ ጠዋት በሩ ተከፈተና ወዳጄ ከሰዓት በኋላ ካድሬዎቹ ፊት እንደምትቀርብ ተነገራት። ጭማቂው መርዝ ነው ብላ ከፈረመች ወደ ቤቷ ትሄዳለች። እምቢ ካለች ደግሞ እሷው ታውቃለች።

«አልፈርምም» አለች። ከዚያ ጸጉሯን ልታበጅ ሞከረች፤ እጇ ግን ከትከሻዋ በላይ አልነሳ አላት። ያለፈውን ቀን ምርመራ ላይ ውላ ነበር የመጣችው።

«እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ተኝቼበት ነው።»

ማናችንም አላመንናትም። «እንዲህ ተንጨባርሬ ብቀርብ ከመርዝ ቀማሚ በምን እለያለሁ?» አለች። የዚያን ዕለት ውሃ አልመጣም። ውሃ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነበር።

ጣሳዬን አነሳሁ። «ተይ፣ የሰንበትሽ ነው» አለችኝ። ሌሎቹ ሴቶች ውሃውን ተቀብለው ሊያጥቧት ተነሱ። ውሃዬን ሰጥቼ እጄን ብሰስት ምን ዋጋ አለው? «ቁጭ በይ እቴ» አልኳት። ራሷን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ቅጠሉን አሸሁባት። አረፋው ነጭ ሆኖ ተነሳ። ራስ ቅሏ ይሞቃል፤ እብጠት ያለበት ቦታ ስደርስ ጣቴን አዙሬ አልፋለሁ። ከዚያ አድርቄ ሹሩባ ሠራኋት። ስትወጣ ወታደሩ ሳያውቀው መንገድ ለቀቀላት።

ሳይመሽ ተመለሰች።

«ፈረምሽ?» አልናት ሁላችንም በአንድ አፍ።

«ጠጣሁት» አለች። መርዝ ነው ብለው ለማስረጃ ያቀረቡትን የቅጠል ጭማቂ ፊታቸው ከፍታ ግጥም አድርጋዋለች። «ሲመር አይጣል ነው! ሳልኩና አረፋው በአፍንጫዬ ወጣ። ሁሉም ወንበራቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሲበርድ ችግኞቹ የሚያድጉባቸውን ጠርሙሶች በታሰረች ማግስት አውጥተው እንደደፏቸው ነገረችን። ለዱላው ያላለቀሰች ሴት ለጠርሙሶቿ አለቀሰች። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ በመካከላችን ክፍተት አልነበረም። ሰንበት ሳልታጠብ ገባ። እግዚአብሔር ተቀይሞኝ ከሆነ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

እኔ ቀድሜያት ተፈታሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ የሰማሁት የለም።

እናቴን ያገኘኋት እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ነው፣ በፈረንጆቹ ሰማኒያዎቹ አጋማሽ። እዚህ ሚፍዓል የሚሉት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብቼ ነበር። አንድ ዓርብ ከፋብሪካው ወደ አውቶቡሱ ስሄድ መንገድ ዳር ቁርቁራ ቆሞ አየሁ። አብራኝ የምትሠራው ሴት «ሺዛፍ ነው» አለችኝ። ይበሉት! እሾኹ እየቧጨረኝ ቦርሳዬን ቅጠል ሞላሁና ቤት ገብቼ ወቀጥኩት። በጠርሙስ ነጥኩት። አረፋው አልወረደም።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ታየኛለች።

«ይህን ማን አሳየሽ?»

«አብራኝ የታሰረች ሴት ናት እምዬ።»

«ከወገናችን ናት?»

«አይደለችም።»

«ነክተሻታል?»

«ራሷን አጥቤ ሹሩባ ሠርቻታለሁ» አልኳት። «በዓርብ ውሃዬ።»

ዛሬ እናቴ የለችም። ዛፉም ለመንገድ ማስፊያ ተነስቷል። እኔ ራሴ በመታጠቢያ ቤቴ ቧንቧውን ከፍቼ ውሃው ዝም ብሎ ሲፈስ ሳየው አንዳንዴ እደነግጣለሁ። ያቺ ሴት በሕይወት ካለች ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታውቅልኝ እወዳለሁ።  ያን ስነግራት እናቴ ሻሿን ፈታች፣ በርጩማውን ስባ ቁጭ አለችና ራሷን ዝቅ አደረገችልኝ።

«በይ» አለችኝ፣ «እኔንም በዚያው እጅሽ እጠቢኝ።»