ሥራ ፈቱ ግንድ

ትዕዛዙ ኮኪት በሚባለው የሰሊጥ አገር ትራክተር ሲነዳ ዕድሜውን የገፋ ሰው ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ አብረን ስንማር የሳይንስ መጽሐፋችን ላይ አንድ ሥዕል ነበር፤ ሁለት የተገናኙ ቧንቧዎች፣ በጠባቡ ላይ የሰው ጣት፣ በሰፊው ላይ በሬ። የሰፊው አፍ ስፋት የጠባቡን መቶ እጥፍ ከሆነ የጣት ጉልበትም መቶ እጥፍ ይሆናል ብለው መምህራችን አስረዱን። ጥንት በውሃ ይሠራ እንደነበር፣ ኋላ ዘይት እንደተተካበትም ነገሩን። ትዕዛዙ እጁን አወጣና ፈሳሹ ቢፈስስ በሬው ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ።

"ይወርዳላ!" ብለን ሳቅንበት።

ያ ጥያቄ ግን ዕድሜ ልኩን አለቀቀውም። የትራክተሩን ማረሻ ከፍ አድርጎ የሚይዘውም ያው የዘይት ግፊት ነው። ከትራክተሩ ሲወርድ ማረሻውን መሬት ያስቀምጣል፤ ከፍ ብሎ መቆየቱ ግድ ከሆነ ክርክራ ከሚባለው ጠንካራ ዛፍ የተቆረጠ ወፍራም ግንድ ከሥሩ ያቆምበታል። የቀን ሠራተኞች ግንዱን "የትዕዛዙ ሚስት" ይሉታል።

ባለፈው ግንቦት ጉቶ የሚነቅሉት የጎጃም ልጆች ጥላ አጡ። ሜዳው ሰሊጥ ከገባበት ወዲህ ዛፍ የለውም። ማረሻውን አንሥተህ ተውልን ብለው ለመኑት። ግንዱን አቁሞ ተወላቸውና ያን ሰሞን ማንጠባጠብ የጀመረውን የማረሻውን የዘይት ቱቦ የሚተካለት ፍለጋ ጎረቤት እርሻ ሄደ።

ሲመለስ ሌሎቹ ድስት ከበዋል፤ ጀምበሩ የሚባለው ልጅ ብቻ ዝንቡን ሸሽቶ ጋቢ ተከናንቦ ከማረሻው ሥር ተኝቷል። ግንዱ የለም። ዘይቱ ሲንጠባጠብ ማረሻው ዓይን በማይይዘው አካሄድ ወርዷል። ጀምበሩ አየር በሳበ ቁጥር ደረቱ ላይ ያለው ጋቢ የማረሻውን ክብ ዲስክ ስለት ይነካል።

ማረሻውን ሊያነሣ ሞተሩን ቢያስነሣ ግፊቱ ቱቦውን ይበጥሰዋል። ቢጠራው ደንግጦ ይነሣና ስለቱ ይቆርጠዋል። መደገፊያ ድንጋይ እንዳይፈልግ፣ ዋልካ መሬት ድንጋይ አያበቅልም።

"ሚስቴ የታለች?" አለ በለሆሳስ።

አንዱ እየሳቀ በአገጩ እሳቱን አሳየው። ምንም ያልተሸከመች ሥራ ፈት ናት ብሎ የማገዳት ጀምበሩ ራሱ ነው አለ።

ትዕዛዙ ግንዱን በባዶ እጁ ከእሳቱ መዘዘው። ግማሹ ነዷል። የቀረውን ከብረቱ ሥር አቆመው። ብረቱ ወርዶ ሲያርፍበት ፍሙ ተሰነጠቀ፤ እንጨቱ ግን ያዘ።

ከዚያ ወደተኛው ልጅ ጆሮ ጎንበስ አለ። "ጀምበሩ፣ ወንድሜ፣ ዓይንህን ብቻ ግለጥ። አትነሣ።"

በእግሩ ጎትተው አወጡት። ጋቢው ደረቱ ላይ ተተልትሏል። የሳቀ አልነበረም።

ያኔ የተቃጠለው የትዕዛዙ መዳፍ እስካሁን አይዘረጋም። ጀምበሩም ዘንድሮ ለሥራ ተመልሷል፤ ሌላው የማረሻውን ጥላ ሲሻማ እሱ ያን ፀሐይ ችሎ ሜዳው ላይ ይጋደማል።