የአባቴን ድምፅ የቀዳሁበት ቴፕ

የእህቴን ባል መጥላት የጀመርኩት ከስደተኞች ካምፕ ወጥቼ ናይሮቢ ከመጣሁ በኋላ ነው። እሱ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ ቤታቸው ኪሌሌሽዋ፣ የሀብታሞች ሰፈር ነው። እኔ ካሳራኒ የተከራየኋትን አንድ ክፍል አንድም ቀን መጥቶ አላያትም። ያም ሆኖ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» እና «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግረው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ አባታችን ለሕክምና ከአዲስ አበባ መጣ። ሐኪሙ ጉሮሮው ውስጥ ያለው ዕጢ ሲወጣ ድምፁም አብሮ እንደሚሄድ ነገረን። አባቴ ዕድሜ ልኩን መዝሙር ሲደርስ የኖረ ሰው ነው። ግጥሞቹ ደብተር ላይ አሉ፤ ዜማዎቹን ግን ከእሱ በቀር የሚያውቃቸው የለም።

«ካሴት ላይ ቅዱልኝ» አለን። «አገር ቤት ያሉት ወገኖች ያላቸው ቴፕ ነው።»

የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን የምቀዳው እኔ ስለነበርኩ የሚያስፈልገንን አውቃለሁ፤ የማይክ መሰኪያ ያለው፣ የድምፁን መጠን በእጅ የሚያስተካክሉት፣ ባለ አንድ ካሴት ቴፕ። ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለም። የእህቴ ባል ግን «የምከፍለው እኔ ነኝ» ብሎ ዌስትላንድስ ወዳለ ሱቅ ይዞኝ ሄደና መብራቱ የሚብለጨለጭ ባለ ሁለት ካሴት መረጠ። አዙሬ ጀርባውን አየሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ የማይክ መሰኪያ የለውም። ከሬዲዮና ከካሴት ብቻ ነው የሚቀዳው።»

«አዲስ ነው። ዋስትና አለው።»

«ዋስትናው አባባን አይቀዳልንም።»

ወደ ሻጩ ዞረና፣ የማልሰማ ይመስል፣ በእንግሊዝኛ «ከስደተኞች ካምፕ ነው የመጣችው፤ አዲስ ዕቃ አታውቅም» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ጥያቸው ወጣሁና ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ መሃል ከተማ ወረድኩ።

አንድ አሮጌ ቴፕ የሚጠግን ፉንዲ ዘንድ ባዶ ካሴቴን አውጥቼ ሦስት ቴፕ ሞከርኩ። አንድ ድምፅ ረጅም አድርጌ እይዝና መልሼ አዳምጣለሁ። በመጀመሪያው ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ካሴቱን የሚያዞረው ቀበቶ ላልቷል። በሁለተኛው፣ በብርድ ልብስ ውስጥ የማወራ ያህል ታፈነ።

«ማዳም፣ ትገዢያለሽ ወይስ ትዘፍኛለሽ?» አለ ፉንዲው ተናዶ።

ሦስተኛው ክዳኑ የተቧጨረ፣ ከባድ፣ ግራጫ ነበር። ድምፄን እንዳለ መለሰልኝ። በራሴ ገንዘብ ገዛሁት።

የእኔ ሰፈር የማታቱ ጡሩምባ ፋታ ስለማይሰጥ ለመቅዳት የግድ እነሱ ቤት መሄድ ነበረብኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሳሎናቸው ውስጥ አባቴ ሦስት መዝሙር ዘመረ። አራተኛውን እንደጀመረ የእህቴ ባል ገባና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የድምፁን መቆጣጠሪያ ማዞር ጀመረ።

«ይሄ አሮጌ ዕቃ ድምፃቸውን ያበላሸዋል» አለ።

«እጅህን አንሳ!»

«አንተ» ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

«በገዛ ቤቴ?»

«ቤትህን ታቀፈው! አባቴን ግን ተወው!»

እህቴ ከጓዳ ሮጣ መጣች። ካምፕ፣ ባለጌ፣ ትዕቢተኛ እየተባባልን አንድ ነገር ሳይቀረን ተሰዳደብን። አባቴ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው።

«ውጡልኝ! ሁለታችሁም ውጡልኝ! የቀረችኝን ድምፅ እናንተን ስገላግል ልጨርሳት?»

ከዚያ በኋላ አልዘመረም። በማግስቱ ትንፋሽ አጠረውና ሆስፒታል ገባ፤ ቀዶ ጥገናውም ከቀጠሮው በፊት ተደረገ። ተረፈ። የሚፈልገውን በጽሑፍ ይነግረናል። አራተኛውን ዜማ ላስታውሰው ብዬ ባንጎራጎርኩ ቁጥር ግን ራሱን ይነቀንቃል። አይደለም ማለቱ ነው።

ሦስቱን መዝሙሮች ገልብጬ አገር ቤት ላክሁ። ጠባችን ጭምር የተቀዳበት ዋናው ካሴት እኔ ዘንድ ቀረ። እህቴ ጠቡን ከካሴቱ ልታስጠፋኝ ካሳራኒ ድረስ መጣች።

«የመጨረሻውን አጥፊው፤ ባሌ ሰው ቢሰማው ያፍራል።»

«ይፈር።»

«አንቺስ አታፍሪም?»

እሷ እያየችኝ በካሴቱ ጠርዝ ያለውን የፕላስቲክ ጥርስ በቢላ ጫፍ ሰበርኩት፤ እሱ ከተሰበረ በላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። ስትወጣ በሩን በኃይል ዘጋችው። ማታ ብቻዬን አዳመጥኩት። ከሁላችንም በላይ የሚጮኸው የእኔ ድምፅ ነው።