በሰንበት አይሰገድም

የአስጎብኚነት ትምህርት በጀመርሁ በሁለተኛው ወር መምህራችን ከላሊበላ በላይ ወዳለ ገደል ወሰዱን። መንገዱ ላይ እስከ ደረቴ የሚደርስ የድንጋይ እርከን አለ። ጓደኞቼ በክንዳቸው እየገፉ ወጡ። እኔን ግን ሁለት ልጆች እንደ ጤፍ ጆንያ ጎትተው አወጡኝ።

መምህሩ "በወሩ መጨረሻ ይህን ብቻውን የወጣ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ይሄዳል፤ ያልወጣ ይቀራል" አሉ። እኔ ብልባላ በምትባል የገጠር ከተማ ሆኜ ያን ተራራ ከሩቅ እያየሁ ያደግሁ ነኝ። መቅረት አልፈለግሁም።

አንድ የክፍሌ ልጅ በስልኩ የዮጋ ፑሽ አፕ አሳየኝ። ክርንን ከጎድን ሳያርቁ ቀስ ብሎ መውረድ፣ ደረትን ወደ ፊት ማውጣት፣ ከዚያ ዳሌን ወደ ሰማይ ማንሳት ነው። በተከራየሁበት ግቢ ጠዋት ጠዋት አጎዛ አንጥፌ ጀመርሁ። ግቢው ተዳፋት ስለሆነ ፊቴን ወደ ምሥራቅ ካላዞርሁ እንሸራተታለሁ።

አከራዬ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ስሠራ ጎረቤት ሲንጫጫ "እሽ!" እያሉ ዝም ያሰኛሉ። ስጨርስም "አይዞህ ልጄ፣ እሱ መሐሪ ነው" ይሉኛል። ለምን እንደሚሉኝ ባይገባኝም "አሜን" እላለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እዚያው አጎዛ ላይ አገኙኝ።

"ተነሥ! በሰንበት ማን ስገድ አለህ? ንስሐ አባትህ አልነገሩህም?"

"እማማ፣ ስግደት አይደለም፤ ስፖርት ነው።"

"ስፖርት?" ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "እኔ ደግሞ ይህ ልጅ ምን ቢበድል ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስጸልይልህ ሰነበትሁ!"

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

በማግስቱ ቆመው ተመለከቱኝ። "ትቸኩላለህ። በሰሞነ ሕማማት እንዲህ የቸኮለ ቀትር ላይ ይወድቃል። ቀስ፤ ትንፋሽህን አትያዘው።" ቀጥለውም የራሳቸውን ስግደት አጠገቤ ጀመሩ። እኔ ስድስት ሠርቼ ተዘረርሁ፤ እሳቸው ሃያ ሰግደው ትንፋሻቸው እንኳ አልጨመረም። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ለጸሎታቸው፣ እኔ ለገደሌ፣ ጎን ለጎን ሆንን።

በወሩ መጨረሻ እርከኑ ፊት ቆምሁ። መዳፌን አስቀምጬ ክርኔን ሰብስቤ ቀስ ብዬ ገፋሁ። ደረቴ አለፈ፤ ጉልበቴ ተከተለ። ማንም አልነካኝም።

ወደ ተራራው ስንሄድ እማማ በሶ ቋጥረው ሰጡኝ። "ከላይ ስትደርስ ለእኔም ሦስት ስገድልኝ።"

"የትኛውን?"

"የእኔን ነዋ! ያንተንማ ጭላዳ ዝንጀሮ ይየው።"

ሐሙስ ረፋድ ላይ ጫፉ ላይ ደረስሁ። ግንባሬን ቀዝቃዛው ሣር ላይ አድርጌ ሦስቱን ሰገድሁ። ከዚያ ክንዴ አላርፍ ስላለኝ የራሴንም ፑሽ አፕ አንድ ጨመርሁ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ዕለቱ ሰንበት አልነበረም።