ለእማማ ዘሀራ የሰጠሁት ዜሮ

እሑድ፣ ግንቦት 2014፣ ንጋት

ከቤት ስወጣ ገና አልነጋም። ቦርሳዬ ውስጥ የኮቪድ ወረቀት፣ ሁለት ማስክ፣ አዲስ ደብተርና የተቀረጹ እርሳሶች አሉ። የነርሲንግ መምህር ነኝ። የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን ስለ መንከባከብ ለነርሶችና ለነርሲንግ ተማሪዎች ካምፓላ ላይ ወደሚሰጥ የአንድ ሳምንት ሥልጠና ከኮሌጃችን የተላክሁት እኔ ነኝ። «ጥንቁቅ ስለሆንሽ ነው» አሉኝ።

ከኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ካምፓላ ቀይ አፈር፣ ሙዝ የጫነ ብስክሌት፣ አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሐይቅ። ሾፌሩ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝና ነገርሁት።

«አባቴ ስሜን ረስቷል» አለ። «ላሞቹን ግን አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራል። ተምረሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ፤ ልቀየመው ወይስ ላም ልሁን?»

ማክሰኞ፣ ናጉሩ፣ የሥልጠናው ሰፈር

ቁርስ ሮሌክስ፤ ቻፓቲ በሚሉት ስስ ቂጣ ውስጥ የተጠቀለለ ትኩስ እንቁላል፣ ሁለት ሺህ ሽልንግ። ምሳ ማቶኬ፣ የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ፣ በለውዝ ወጥ። የምድብ ጓደኞቼ ግማሾቹ የሚስቁ፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ ያወረዱ ተማሪዎች ናቸው።

አሠልጣኛችን ናካቶ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። «የማስታወስ መፈተኛውን ቅጽ ከመክፈታችሁ በፊት ሰውየው ተምሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ» አለች። «ካልተማረ ይህ ቅጽ ይበድለዋል። ንባብና ጽሕፈት የሌለበት ሌላ ቅጽ አለ።» ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት።

ረቡዕ

ዛሬ ፈቃደኛ አረጋውያን መጡልን። አንዷ የአገሬ ሰው ናቸው፤ የወሎዋ እማማ ዘሀራ። ኪቡሊ ሰፈር፣ ከመስጊዱ በታች፣ ከልጃቸው ከሰዓዳ ጋር ይኖራሉ። ሰዓዳ ኦዊኖ ገበያ ልብስ ትሸጣለች፤ የሦስት ዓመት ልጇን ቀኑን ሙሉ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። በቅርቡ ሁለት ጊዜ ምድጃ ለኩሰው ረሱ። ሰዓዳ ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሕፃኗን ከአያቷ ጋር ትታ መሄድ ትችላለች ወይስ አትችልም? በደንቡ መሠረት እሷ ውጭ ትጠብቃለች። አማርኛ የምችለው እኔ ስለሆንሁ ተማሪዎቹ ከበውን እኔ እጠይቃለሁ።

«ተምረዋል፣ እማማ?»

ዙሪያቸውን ቃኙ። «ትንሽ... ትንሽ።»

አንብበው የታዘዙትን እንዲያደርጉ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ራቅ አድርገው ያዙት። «መነጽሬ ከቤት ቀርታ እኮ ነው፣ ልጄ። እስቲ አንቺው በይልኝ።»

ይህን አባባል አውቀዋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ሰው ቤት እየሠራሁ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት ክሊኒክ በሄድሁ ቁጥር ካርዱን ለሌላ ሰው አቀብዬ «መነጽሬን ረስቼ ነው» እል ነበር። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ሥራ ቦታዬ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም።

ናካቶ ጠየቀችኝ። «ተምረዋል?»

እንዴት አወቅሽ ብትለኝስ? «ትንሽ ተምሬአለሁ ይላሉ» አልሁ።

እርሳሱን ሰጠኋቸው። ሙሉ እጃቸውን ጨብጠው ያዙት። አንድ ተማሪ ከኋላ ሳቀ። እማማ ዘሀራ እርሳሱን ቀስ ብለው አስቀመጡና ከዚያ በኋላ ለጠየቅኋቸው ሁሉ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ስላቸው እንኳን፣ «አላውቅም» አሉ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ዜሮዎቼ ክብና ንጹሕ ናቸው።

ውጤቱን ለሰዓዳ የተረጎምሁት እኔው ነኝ፤ «ሕፃን ብቻቸውን አይያዙ።»

ሐሙስ፣ ኦዊኖ

ከሰዓት ነፃ ነን። ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ወደ ገበያው ወረድሁ። በጭቃና በሰልባጅ ክምር መሃል እየተጋፋሁ ሳልፍ «ሲስተር!» የሚል ሰማሁ። ሰዓዳ ናት። ልጇ ከሱሪ ክምር ሥር ካርቶን ላይ ተኝታለች፤ ፊቷ አቧራ ነው።

«እናትሽስ?»

«ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ‹ከልጄ ልጅ የሚያስለየኝ ምን አጠፋሁ?› ይላሉ። ምን ልበላቸው፣ ሲስተር? ወረቀቱ ነው አልኋቸው።»

ሻይ ላዝዝልሽ አለችኝ። እንቢ አልሁ። ከእጇ መቀበል አልቻልሁም።

ዓርብ፣ ኪቡሊ

ጠዋት ክፍል ውስጥ ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ መነጽሩንም፣ የማታ ትምህርቱንም። የሚስቅ አልነበረም፤ ቢስቁ ይቀለኝ ነበር። ናካቶ ሌላውን ቅጽ ከመሳቢያ አወጣች። «እንሂድ» አለች።

ኪቡሊ ስንደርስ እማማ ዘሀራ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ እኔም አልተማርሁም ነበር። ‹መነጽሬ ቀርታ› ሲሉኝ ገብቶኝ ነበር።»

«ገብቶሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ገብቶሽ ነው እርሳስ ያስያዝሽኝ፣ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት?»

«አዎ።»

ወደ ሰዓዳ ዞሩ። «ሌላ ሰው ይጠይቀኝ። ይቺ ትውጣ።»

ወጣሁ። ከጅማ የመጣች ባለሱቅ ጎረቤታቸው አስተረጎመች። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ፤ ሕፃኗ መጥታ ጭኔ ላይ አንቀላፋች። በመስኮት ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ሲመልሱ፣ ሲሳሳቱ፣ አንዴም ሲስቁ።

ናካቶ ወጥታ ነገረችኝ። ይረሳሉ፣ ሕመሙ ጀምሯቸዋል፤ ግን እኔ የጻፍሁትን ያህል አይደለም። ምድጃ አይነኩም፣ ባለሱቋ በየሰዓቱ ብቅ ትላለች፣ በየጊዜውም ሐኪም ያያቸዋል። ልጅቱን ይይዛሉ።

ከኋላዋ እማማ ዘሀራ መጡ። ጎንበስ ብለው ሕፃኗን ከጭኔ አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። እኔን አላዩኝም። ይቅርታዬ አፌ ውስጥ እንዳለ ገቡ።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

ሪፖርቱን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁ። አነበቡት፣ ቀና ብለውም በአዲስ ዓይን አዩኝ።

«ሥልጠናው ጥሩ ተገልጿል» አሉ። «ይህ ስለ ራስሽ ያለው ግን ከሪፖርቱ ቢቀነስ ምን ይመስልሻል? ተማሪዎችሽም ያነቡታል።»

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

«እንዳለ ይቆይ» አልኋቸው።