ከላይ ቻይና፣ ከታች ህንድ

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው... መቱ፣ እኛ ሰፈር ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ቁርሴን እየበላሁ ቴሌቪዥኑ «ህንድና ቻይና የሁለትዮሽ ግንኙነታቸውን ለማደስ ተስማሙ፤ ስለ ስትራቴጂያዊ አጋርነትም መከሩ» አለ። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑን ትቶ ሁለት ሽማግሌዎችን ማየት ጀመረ።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ወደ ቡሬ መውጫ ቁልቁለቱ ላይ ሦስት ሱቆች አሉ። ከላይ ያለው የጋሼ ሸምሱ ነው። ድሮ ከስልጤ መጥተው መቱን አገራቸው ያደረጉ ነጋዴ ናቸው፤ ፔርሙስ፣ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ምን አለፋችሁ የቻይና ዕቃ በሙሉ እሳቸው ጋ አለ። ከሳቸው ቀጥሎ ኦቦ ገመቹ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣሉ፤ የሳቸው ደግሞ ሁሉም ከህንድ ነው። ከሁሉም በታች እኔ ነኝ... ፎቶ ኮፒና ጉርድ ፎቶ።

ሁለቱ እስከ አምና ክረምት ድረስ ወንድማማቾች ነበሩ ማለት ይቻላል። አምና ጋሼ ሸምሱ ጣሪያቸውን በአዲስ ቆርቆሮ ሲቀይሩ ውሃው በሙሉ ኦቦ ገመቹ ግቢ መውረድ ጀመረ። የመቱ ዝናብ ደግሞ አንዴ ከጀመረ መቼ እንደሚያቆም እሱ ነው የሚያውቀው። አንዱ «አሸንዳ አሠራ» አለ፣ ሌላው «አንተ ቦይ ቆፍር» አለ... በዚያው ተኮራረፉ። ሰላምታም ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በእስያ በኩል ነው።

የዚያን ዕለትም ኦቦ ገመቹ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ ጀመሩ።

«መስማማቱ ጥሩ ነበር። ግን ከላይ የተቀመጠ አገር ውሃውን እንደፈለገ ጎረቤቱ ላይ እየለቀቀ... ይሄ የምን አጋርነት ነው?»

ጋሼ ሸምሱ ሻያቸውን በማንኪያ አማሰሉ። «ተራራውን ቻይና አልሠራችውም። ከታች ያለ አገር ከታች መሆኑን አውቆ ይኑር።»

«ድንበር መግፋትስ?»

«ማነው የገፋው? እስቲ ካርታው ይምጣ!»

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ፍረጂ» አሉኝ። እኔም ያለኝን ዳቦ በሙሉ አፌ ውስጥ ከትቼ መናገር የማልችል መሰልኩ።

ሲያዩት ያስቃል። ለጫልቱ ግን አላሳቃትም። ጫልቱ የኦቦ ገመቹ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ሰርጓ ደርሷል። ጋሼ ሸምሱ ደግሞ ይችን ልጅ በጭቃው እሽኮኮ አድርገው ትምህርት ቤት ሲያደርሱ የኖሩ ሰው ናቸው... እና አልተጠሩም።

ሌላም ጣጣ አለ። እኛ ጋ ክርስቲያን ልጁን ሲድር የሙስሊም እንግዶች ድስት ለብቻው ነው። ከብቱን አንድ ሙስሊም ጎረቤት ይረከባል፤ እሱው ያርዳል፣ ያሠራል፣ ያስተናግዳል። ኦቦ ገመቹ ትልልቆቹን ልጆች ሲድሩ ይሄ የጋሼ ሸምሱ ሥራ ነበር። አሁን በሳቸው ቦታ ሌላ ሰው ቢቆም ከተማው በሙሉ ያያል።

ጫልቱ ሱቄ መጥታ አለቀሰች። «አባዬን ስለምነው ‹ሂን ታኡ፣ አይሆንም› ይለኛል። ጋሼ ሸምሱ ሳይኖሩ እንዴት ነው የምዳረው?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ሄድኩ ኦቦ ገመቹ ጋ። ስለ አሸንዳው ትንፍሽ አላልኩም። «ኦቦ፣ የሙስሊሙን ድስት ማን ሊይዝልዎ ነው?» ብቻ አልኳቸው። የያዙትን የባጃጅ ካንዴላ እያገላበጡ «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ካፊያ ነበር። ኦቦ ገመቹ አንድ ሙክት በግ እየጎተቱ ሽቅብ ወጡ፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። የጋሼ ሸምሱ በረንዳ ቋሚ ላይ አሰሩትና ተመልሰው ወረዱ።

ጋሼ ሸምሱ ወጡ። በጉን አዩት። በጉም አያቸው።

«የማን በግ ነው?» አሉኝ... በመስኮት ሲያዩ እንደነበር እኮ አይቻለሁ።

«የህንድ ነው» አልኳቸው።

ሊቆጡ ሞከሩ፣ ግን ፊታቸው እምቢ አላቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አንድ በግ? ከቡሬ የሚመጣው እንግዳ ብቻ ይጨርሰው የለ እንዴ! ይሄ ሰውዬ መቼም ሰርግ አያውቅም!» እያሉ ጃንጥላ እንኳን ሳይዙ ቁልቁል ሮጡ። ግቢው መሃል ተቃቅፈው ሲቆሙ ያ የተጣሉበት የጣሪያ ውሃ አናታቸው ላይ ይወርድ ነበር። እኔም ቆሜ አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

ሰርጉ አማረ። የሁለቱ ድስት ሳይጎድል ሰው ሁሉ ጠግቦ ሄደ። በሳምንቱ አሸንዳውን በጋራ አሠሩና «እንደ ቴሌቪዥኑ አድርገሽ አንሺን» ብለው ሥሩ ቆመው ተጨባበጡ። ሁለቱም ኮት ለብሰዋል። ፎቶውን በነጻ አጠብኩላቸው።

ትናንት የሰኔው ዝናብ መጣ... ዛሬ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ውሃው ቀድሞኝ ገብቷል። ለካስ ያ አሸንዳ የሁለቱንም ጣሪያ ውሃ ሰብስቦ እኔ ደጅ ላይ ነው የሚደፋው! የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ ሰቅዬ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በንዴት ሽቅብ ወጣሁ።

ሁለቱም አንድ በረንዳ ላይ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ጮህኩባቸው። ኦቦ ገመቹ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ተረጋጊ» አሉኝ። ተያዩ።

«ይሄ የሁለትዮሽ ስምምነት ነው» አሉ ጋሼ ሸምሱ ኮስተር ብለው። «ሦስተኛ ወገን አይገባበትም።»

ከኔ ሱቅ ዝቅ ብሎ ያለው ቤት የሚከራይ ነው፤ ጥሩ ሰው ካወቃችሁ ቶሎ ላኩልኝ... እኔም አሸንዳ ላሠራ ነው።