የሀጃ ሙኒራ ጋቢና

ታፈሰ ከባድ መኪና መንዳት ከተወ ዓመታት ቢያልፉም፣ ከባድ መኪናው እሱን አልተወውም። ዛሬም የቤት መኪና ከማስነሳቱ በፊት አንድ ጊዜ ዞሮ ጎማዎቹን በአጭር ዱላ መታ መታ እያደረገ ድምፃቸውን ያዳምጣል። ከሞጆ ጅቡቲ ኮንቴይነር ሲያመላልስ የኖረ ሰው ጎማን በዓይኑ ብቻ አያምንም። በመጨረሻ ወገቡ እምቢ ሲለው ከከባዱ ወረደ እንጂ አገሩ አልገባም፤ ሚስቱ መዓዛ ጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ባልባላ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍታ ለሾፌሮች ሽሮና ፓስታ ታበላ ነበርና እዚያው ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ ካለ አሮጌ ግቢ፣ የሀጃ ሙኒራ ሾፌር ሆኖ ተቀጠረ።

ሀጃ ሙኒራ ባላቸው የሞቱባቸው የጅቡቲ እመቤት ናቸው። ያደጉት ግን ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛቸው የድሬ ልጅ አማርኛ ነው፤ ሚኒስትሩንም ዘበኛውንም «አንተ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ታፈሰ ሥራ የጀመረ ቀን እንደ ወጉ የኋላውን በር ከፍቶ ቆመላቸው። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ ከኋላ የምጫን ዕቃ መሰልኩህ ወይ ብለው ጋቢና ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋቢናው የእሳቸው ነው። መንገዱን ይቆጣጠራሉ፣ ታክሲ ነጂዎችን በሶማሊኛ ይሰድባሉ፣ ታፈሰ ፍሬን ሲይዝ እሳቸውም አብረው በእግራቸው ወለሉን ይረግጣሉ።

በከባድ መኪና ደንብ ጋቢና የሚቀመጥ ሰው ሥራ አለው። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ግራው የሾፌሩ፣ ቀኙ የረዳቱ ነው። ረዳቱ እጁን በመስኮት አውጥቶ በሩን በመዳፉ እየመታ «ና… ና… ና…» ይላል፤ ቦታው ሲያልቅ ሁለቴ ጠንከር አድርጎ ይመታና «በቃ» ይላል። ሾፌሩም ዞር ብሎ ሳያይ ያምነዋል። ታፈሰ አንድ ቀን ይህን ሲያጫውታቸው ሀጃ ሙኒራ ከት ብለው ሳቁ። በነጋታው ግን ቡላኦስ ገበያ መሃል እጃቸውን አወጡና፣ የወርቅ አምባራቸው ከበሩ ቆርቆሮ ጋር እየተንቃጨለ፣ «ና… ና…» አሉት። በዚያው ረዳት ሆነው ቀሩ። የሀጃ አሮጌ ፔጆ የቀኝ ስፖኪዮ ተሰብሮ ሲወድቅ እንኳ የሚያስጠግነው አልተገኘም፤ ሀጃ አሉ አይደል።

እንዲህ ተስማምተው ስንት ዘመን ከኖሩ በኋላ ነው ነገር የመጣው። አንድ ቀን ፋርማሲ ደጃፍ ላይ ሀጃ በሙሉ ልባቸው «ና፣ ባዶ ነው» እያሉ ፔጆዋ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመች። ታፈሰ ወርዶ ምሰሶውን አየው። ወፍራም ነው፣ ረጅም ነው፣ ጭራሽ ቢጫ ተቀብቷል። ከዚያ ዞሮ ሴትዮዋን አየ። ዓይናቸውን አጨንቁረው ምሰሶው ወደሌለበት ወገን ይመለከታሉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ሀጃ» አለ። «ፍሬኑ ላይ ዘገየሁ።»

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሌላውም ይታየው ጀመር። የበሩን እጀታ በዳበሳ ነው የሚያገኙት። ስልካቸው ሲጮኽ ማን እንደደወለ እሱን ይጠይቁታል፤ መነጽሬን ረስቼ ነው ይላሉ፣ መነጽሩ ግን አፍንጫቸው ላይ ነው። ታፈሰም እንዳላየ ሆነ። ቀኙን ራሱ አንገቱን እያሰገገ መጠበቅ ያዘ፤ እሳቸው በሩን ሲመቱ የሚሄደው ግን በእሳቸው «ና» እንደሆነ አስመስሎ ነው።

ሁለተኛውን ጭረት የሠራው ግን እያየ ነው። የጎረቤት አጥር ነበር፣ ከኋላቸው በቀኝ በኩል የተገተረ ግድግዳ። ሀጃ ደስ ብሏቸው በሩን እየመቱ «ና… ና…» ሲሉ፣ አቁሞ «ኧረ ግድግዳ አለ» ማለት አቃተው። ስለዚህ ፔጆዋን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በዝግታ ወስዶ ግድግዳው ላይ ጨረፍ አደረጋት። እንዲህ ያለውን ሞኝነት የሚሠራ ከባድ መኪና የነዳና ረዳቱን የሚወድ ሰው ብቻ ነው። ጥፋቱንም እንደገና ለራሱ ወሰደ።

የሀጃ ልጆች ሁለት ናቸው። ትልቋ ሂንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት፤ ታናሽ ወንድሟ ዋይስ ወደቡ አጠገብ የዕቃ አስተላላፊነት ሥራ አለው። በልጅነታቸው በአንድ ብስክሌት ተጣልተው እስከ ዛሬ በወጉ አልታረቁም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፔጆዋን ጎን አገላብጠው ካዩ በኋላ ግን በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ታፈሰ አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። ለእናታቸው ካሜራ ያለው፣ ነገር ሲጠጋው ራሱ የሚጮኽ አዲስ መኪና ይገዛ ተባለ። ስምምነታቸው እዚህ ላይ አበቃ። ሂንድ መርሴዲስ አለች፣ ዋይስ ቢኤምደብሊው አለ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ምሳ በሰላም የተበላበት ቀን የለም። ሂንድ የኋላ ወንበሩን፣ ቆዳውን፣ እናቷ ሰርግ ቤት ሲወርዱ የሚኖራቸውን ግርማ ታነሳለች። ዋይስ ሞተሩን ያነሳል፣ መንገድ አያያዙን ያነሳል፣ ደግሞም መርሴዲስ የሽማግሌ መኪና ነው ይላል። ሀጃ ሙኒራ ሩዛቸውን እየበሉ ሁለቱንም ያዳምጡና፣ የሚነዳው ታፈሰ ስለሆነ ታፈሰን ጠይቁት ይላሉ። ስለዚህ ሁለቱም በየፊናቸው ታፈሰን ማባበል ጀመሩ። ሂንድ ስለ ወገቡ ትጠይቀዋለች፤ ዋይስ ከቢሮው ሲወጣ የታሸገ ሲጋራ ያሲዘዋል። ታፈሰ ለእሷ መርሴዲሱ ሳሎን እንደመቀመጥ ነው አላት፤ ለእሱ ቢኤምደብሊው መንገድ ላይ እንደ ሙጫ ነው አለው። አልዋሸም፣ ሁለቱም እውነት ናቸው።

በመጨረሻ ዋይስ ግቢው በር ላይ አቆመውና ቁርጡን ነገረው። መኪናዎቹ ከመገዛታቸው በፊት በሚሞከሩበት ቀን ሁለቱንም ይነዳል፤ እዚያ ላይ ከተሳሳተ ሌላ ሾፌር ይፈለጋል። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፣ ለእናቱ ፈርቶ ነው፤ ታፈሰም ይህን አልሳተም። ባልባላ ሲደርስ ለመዓዛ ነገራት። መዓዛ ሳህን እያጠበች፣ እውነቱን ተናግሮ ለምን እንደማይገላገል ጠየቀችው።

«ብናገርማ ከጋቢና ያወርዷቸዋል» አላት። «ከኋላ አስቀምጠው መስታወት ይዘጉባቸዋል። ወይ ጭራሽ ከቤት አያስወጧቸውም።»

መዓዛ ባሏን ታውቀዋለች፤ የታጠበውን ሳህን አስቀምጣ ሌላውን አነሳች።

የመኪና መሸጫው ወደ ባልባላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ሰፊ ግቢ ነው። ሁለቱ መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ መርሴዲሱ ጥቁር፣ ቢኤምደብሊው ነጭ። ሻጩ ሁለቱንም ሲያሞግስ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነበር፤ የጫቱ መኪና ከኢትዮጵያ ሳይደርስ ነገሩ እንዲያልቅለት ፈልጓል፣ ከዚያ በኋላ በጅቡቲ ከተማ መኪና የሚሸጥም የሚገዛም እንደማይገኝ ሁሉም ያውቃል። ታፈሰ ዱላውን አውጥቶ የመርሴዲሱን ጎማ ጧ ሲያደርገው ሻጩ ጭንቅላቱን ያዘ። ዋይስ አፍሮ ፊቱን አዞረ፤ ሀጃ ሙኒራ ብቻ ድምፁን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመጀመሪያ መርሴዲሱን ነዱት። ሂንድ የኋላውን በር ከፍታ እናቷን ብትለምን ብትለማመጥ አልሆነላትም፤ ሀጃ ጋቢና ገቡ፣ ልጆቹም ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁ። ታፈሰ እስከ ባሕሩ ድረስ ወስዶ መለሳቸው። መኪናው ዝም ያለ ነው፣ መንሾካሾክ ይሰማል። ሲመለሱ ወደ ቦታው በኋላ ማርሽ መግባት ነበረበት። ሀጃ መስታወቱን አስወረዱ፣ እጃቸውን አወጡ፣ ያንን የሚያብረቀርቅ በር በመዳፋቸው መቱ። «ና… ና…»

መኪናው ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ከቀኝ በኩል ሰማያዊ የውኃ በርሜል ብቅ አለ። «ና፣ ባዶ ነው» አሉ ሀጃ። ታፈሰ ቢቀጥል በርሜሉን ይመታል፣ እንጀራው ይቀራል፤ ቢያቆም እሳቸው ይጋለጣሉ። ወደ ፊት ነዳና፣ መሪው አዲስ ሆኖበት እንደሆነ አጉረምርሞ፣ ዞሮ በአፍንጫው ገባ። ዋይስ እጁን አጣምሮ ሂንድን አያት፤ ሂንድም በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። ወንድምና እህት ተስማምተዋል፣ ሰውዬው ወደ ኋላ መሄድ ፈርቷል።

ቀጥሎ ነጩን። ወጥተው ተመለሱ፤ ሀጃ በመንገድ ላይ አንድም ታክሲ አልሰደቡም። በርሜሉ አጠገብ ሲደርሱ እንደገና እጃቸውን አውጥተው «ና» አሉ። ይኸኛውም ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለ። የእጃቸው ምት ቀስ እያለ ሄዶ ቆመ።

«ታፈሰ፣ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«አዲስ መኪና አይደል ሀጃ፣ በሆነ ባልሆነው ይጮኻል።»

«ከኋላችን ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«አንተ፣ ወላሂ በለኛ።»

ታፈሰ ወላሂ የሚል ሰው አይደለም፣ ቢሆንም መዋሸት አልቻለም። «በርሜል አለ» አለ። «ሰማያዊ በርሜል።»

ሀጃ ሙኒራ እጃቸውን ወደ ውስጥ መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። 

«የፋርማሲውስ ምን ነበር?»

«ምሰሶ።»

«የጎረቤቱስ?»

«ግድግዳ ነው ሀጃ። እሱን እኔም አይቼዋለሁ።»

«እያየህ ነው የገባህበት?»

«እርስዎ ና ሲሉኝ ምን ላድርግ?»

ሀጃ ሙኒራ ሳቁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ እንባ ሆነ። ዓይናቸው ላይ ጭጋግ ከዳር እንደጀመራቸው ነገሩት፤ አሁን ሰው ሲመጣ የሚያዩት ጥላውን ነው፣ ፊቱን የሚያውቁት በድምፁ ነው። ሐኪም ጋ ያልሄዱት የሚባለውን ስለሚያውቁ ነው። «አንተ ጥፋቱ የእኔ ነው ስትለኝ ያመንኩህ መስሎህ ነበር?» አሉት። «እንድትዋሸኝ ፈልጌ ነው። ከመኪናዋ ካወረዱኝ ከዓለም አወረዱኝ ማለት ነው።»

ታፈሰ እኚህን ሴት እንደ እናቱ እንደሚወዳቸው በዚያች ሰዓት ለራሱም አልደበቀም።

ሀጃ በሩን ከፍተው ወረዱና ልጆቻቸውን ጠሩ። የነገሯቸው በሶማሊኛ ነበር፤ ተከትሏቸው የወረደው ታፈሰ ግን ከእጃቸው ሁኔታ ሁሉን ተረዳው፤ በጣታቸው ዓይናቸውን ነኩ፣ ከዚያ እሱን አመለከቱ፣ ከዚያ ደረታቸውን መቱ። ሂንድ እናቷን «ሁዮ»፣ እማዬ፣ ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። በነጋታው ራሷ ዓይን ሐኪም ዘንድ እንደምትወስዳቸው ስትናገር ዛሬ እናቷ እምቢ አላሏትም። ዋይስ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየ፤ ወደ ታፈሰ መጥቶ እጁን በሁለት እጁ ያዘው።

«ሾፌሬ አይቀየርም» አሉ ሀጃ፣ ታፈሰም እንዲሰማው በአማርኛ። «ጋቢናዬም አይቀየርም። አሁን መኪናውን ልምረጥ።»

ሀጃ ከመኪናዎቹ ፊት ቆመው መነጽራቸውን አወለቁ። ጥቁሩ ከአስፋልቱና ከጥላው ጋር ተቀላቅሎባቸዋል፣ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይለዩትም። ነጩ ግን ፀሐዩ ላይ ቆሞ ይታያቸዋል።

«ነጩ» አሉ። «እሱን ከገበያ ስወጣ ማንም ሳይመራኝ አገኘዋለሁ።»

ሂንድ ነጭ መርሴዲስም እንዳለ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እናቷን አየችና መልሳ ዘጋችው። ስንት ምሳ የተበላሸበት የሞተርና የቆዳ ክርክር በዚሁ አለቀ። ሻጩ ሊደግፋቸው ሲጠጋ ታፈሰ እጁን ያዘው። ሀጃ ብቻቸውን ቀጥ ብለው ወደ ነጩ መኪና ሄዱ፣ እጀታውን አገኙ፣ ጋቢና ገቡ።

መኪናው ወደ ቦታው መመለስ ገና ይቀረው ነበር። ታፈሰ የኋላውን ማርሽ አስገባ። ጢጥታው ጀመረ፤ በርሜሉ ስክሪኑ ላይ ቀረበ። ታፈሰ ግን እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳርፎ ስክሪኑን ተወና የእሳቸውን ምት ጠበቀ። ሀጃ ሙኒራ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ጢጥታውን ያዳምጡ ነበር፤ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሲሄድ በሩን እየመቱ «ና… ና…» አሉት። ጢጥታው ያለማቋረጥ ሊያያዝ ሲል ሁለቴ ጠንከር አድርገው መቱ።

«በቃ» አሉ።

ታፈሰ ፍሬን ያዘ። መኪናው ከበርሜሉ አንድ ክንድ ርቆ ቆመ።